የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጆች፦ ጆርጅ 5ኛ የአክስቱን ልጅ ለምን አላዳነም?

ሰብለ ዘፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ አውሮፓ ነገሥታት ቤተሰብ እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር አልዋጥልኝ ስላለ እዚህ ላመጣው ፈለግኩ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 የአጎቷን ልጅ አልበርትን አግብታ ዘጠኝ ልጆች ወለደች። ልጆቹን በየአገሩ ቤተ መንግሥት ዳረቻቸው። የመጀመሪያዋ ልጅ ቪኪ ኋላ ጀርመንን ወዳዋሐደችው ወደ ፕራሻ ተዳረች። ኤድዋርድ የዴንማርኳን ልዕልት አሌክሳንድራን አገባ። አሊስ ጀርመን ውስጥ ሄሰን ለሚባለው ግዛት መስፍን ተዳረች። በአጠቃላይ 42 የልጅ ልጆች ተወለዱላት። አልበርት በተለይ የቪኪን ጋብቻ ሲያስብ እንግሊዝና ፕራሻ ተወዳጅተው አውሮፓ ሰላም ያገኛል ብሎ ነበር።

አሁን ከልጅ ልጆቹ ሦስቱን ብቻ እንይ። የቪኪ ልጅ ቪልሄልም የጀርመን ካይዘር ሆነ። የኤድዋርድ ልጅ ጆርጅ 5ኛ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። የአሊስ ልጅ አሊክስ ደግሞ የሩሲያውን ዛር ኒኮላስ 2ኛን አግብታ እቴጌ አሌክሳንድራ ተባለች። በዚህ ላይ የጆርጅ እናትና የኒኮላስ እናት እህትማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም የዴንማርኩ ንጉሥ የክርስቲያን 9ኛ ልጆች። ጆርጅና ኒኮላስ ጎን ለጎን ቆመው የተነሱትን ፎቶ ፈልጋችሁ እዩት፤ ጢሙ፣ ዓይኑ፣ አቋቋሙ፣ ሁሉ ነገራቸው መንታ ነው የሚመስለው።

በሜይ 1913 ሦስቱም በርሊን ላይ ተገናኙ። የቪልሄልም አንዲት ሴት ልጁ ሠርግ ነበር። ተቃቅፈው፣ ፎቶ ተነስተው ተለያዩ። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ጦርነት ገጠሙ።

በማርች 1917 ኒኮላስ ከዙፋኑ ወረደ። አዲሱ የሩሲያ መንግሥት ቤተሰቡን ተቀበሉን ብሎ እንግሊዝን ጠየቀ፤ እንግሊዝም እሺ አለች። ከዚያ ግን ንጉሥ ጆርጅ ራሱ በጸሐፊው በሎርድ ስታምፎርድሃም በኩል ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ እያጻፈ እሺታው እንዲነሳ አደረገ። ጁላይ 17 ቀን 1917 የቤተሰቡን የጀርመን ስም ጥሎ ዊንዘር ተባለ። ልክ በዓመቱ፣ ጁላይ 17 ቀን 1918፣ ኒኮላስና አሊክስ፣ አራቱ ሴት ልጆቻቸውና የ13 ዓመቱ አሌክሴይ የካተሪንበርግ ከተማ ውስጥ ምድር ቤት ተደርድረው ተገደሉ። ሐኪማቸውና ሦስት አገልጋዮቻቸውም አብረው።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ጆርጅ ለዙፋኑ ሲል የሥጋ ዘመዱን ሸጠው። አሊክስም እኮ የገዛ አክስቱ ልጅ ናት፤ በአባቱም በእናቱም በኩል ዘመዶቹ ነበሩ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የካዛንቺሱ፦
ሰብልዬ፣ ጥሩ ክር ነው የከፈትሽው። "ሸጠው" በሚለው ግን አልስማማም።

1917ን በ1917 ዓይን እንየው። እንግሊዝ ውስጥ ሕዝቡ በጦርነት ተማሯል፣ ዳቦ ተወዷል፣ የሠራተኛው ወገን የዛሩን መውደቅ በደስታ ነው የተቀበለው። ኒኮላስ የሚታወቀው በ1905 ፒተርስበርግ አደባባይ ላይ ወታደሮቹ በሰልፈኛ ላይ በተኮሱት ጥይት ነው። አሊክስ ደግሞ ተወልዳ ያደገችው ጀርመን ነው፤ ሕዝቡ ሰላይ ናት ይላት ነበር። ጆርጅ ራሱ የቤተሰቡ ስም ሳክስ ኮበርግ ጎታ ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ለንደንን የደበደቡት የጀርመን አውሮፕላኖች ስማቸው ጎታ ነው። በአንድ ቀን 162 ሰው ሞተ፤ ከነዚህ 18ቱ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበሩ ሕፃናት ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጀርመን ተወላጅ እቴጌ ወደ ለንደን ማምጣት ቀላል ነገር አልነበረም።

ደግሞ እሺታው ባይነሳስ ይወጡ ነበር ወይ? ኒኮላስ ከዙፋን ሲወርድ ልጆቹ ኩፍኝ ይዟቸው አልጋ ላይ ነበሩ። የፔትሮግራድ (ፒተርስበርግ ያኔ የሚጠራበት ስም ነው) ሠራተኞችና ወታደሮች ምክር ቤት ዛሩ ከአገር እንዳይወጣ ጠምዶ ይዟል። ባቡሩን የያዘው እሱ ነው።

ዝምድናውን በተመለከተ ግን ልብ የሚነካ ነገር ልጨምር። በጁላይ 1914 መጨረሻ ቪልሄልምና ኒኮላስ በእንግሊዝኛ ቴሌግራም ይጻጻፉ ነበር፤ "ኒኪ" እና "ዊሊ" እያሉ እየፈረሙ። ኒኮላስ በድሮ ወዳጅነታችን እለምንሃለሁ፣ አጋሮችህን አስቁምልኝ አለው። ጁላይ 29 ማታ ከቪልሄልም ቴሌግራም ሲደርሰው አጠቃላይ ክተቱን አስቆመ፤ የገዛ ጄኔራሎቹን ተቃውሞ። በማግስቱ ሚኒስትሩና ጄኔራሎቹ ሲያጣድፉት ውለው ከሰዓት በኋላ ተሸነፈ። ኦገስት 1 ጀርመን ጦርነት አወጀች። የሠራዊቱ የባቡር ሰሌዳ አስቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ስለነበር የሁለት ዘመዳሞች ቴሌግራም ሊያቆመው አልቻለም። ጆርጅ ደግሞ እንደነሱ ጦር የማዘዝ ሥልጣን እንኳ አልነበረውም።

ሰብለ ዘፒያሳ፦
የሠራዊቱን ነገር ተቀብያለሁ። ስለ 1917 ግን አሁንም ልቤ አልረጋም። መግደል ይመጣል ብሎ ላያስብ ይችላል፣ እሺ። ግን ፈርቶ ካስቀረ እኔ ነኝ ማለት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ጥፋቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በሎይድ ጆርጅ ሲላከክ ነው የኖረው። የቤተ መንግሥቱ ደብዳቤዎች ሲታዩ ነው እውነቱ የወጣው። ይሄ ነው እኔን ያናደደኝ።

ሲስተር ማህሌት፦
እኔ ነርስ ነኝ። የዚህን ቤተሰብ ታሪክ የማውቀው በበሽታው በኩል ስለሆነ ስለሱ ልጻፍ፤ ያለ በሽታው የሩሲያን ነገር መረዳት ይከብዳል።

ሄሞፊሊያ ማለት ደም ቶሎ የማይረጋበት ችግር ነው። ሰው ሲሰማ ትንሽ ተቆርጦ ደሙ ፈሶ የሚያልቅ ይመስለዋል። ዋናው ስቃይ ግን ውስጥ ነው። ልጁ ጉልበቱን ይመታል፣ ከቆዳው ላይ ምንም አይታይም፣ ማታ ጉልበቱ ያብጣል፣ ይግላል፣ ደሙ መገጣጠሚያው ውስጥ ይጠራቀምና እግሩ ተጣጥፎ ይቀራል። ልጁ ይጮኻል። እኛ ዛሬ የጎደለውን የደም ንጥረ ነገር በመርፌ እንሰጠዋለን። ያኔ ምንም አልነበረም። እናት ቁጭ ብላ ማየት ብቻ።

ጉድለቱ የሚተላለፈው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ጤነኛ ሆና ትኖራለች ግን ተሸካሚ ናት። ወንድ አንድ ብቻ ስላለው ይታመማል። ተሸካሚ እናት ከምትወልዳቸው እያንዳንዱ ወንድ የመታመም፣ እያንዳንዷ ሴት ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው እኩል በእኩል ነው።

ቪክቶሪያ በቤተሰቧ ከሷ በፊት በሽታው አይታወቅም። አባቷ ሲወልዳት 51 ዓመቱ ነበር፤ እንዲህ ያለ አዲስ ለውጥ ዕድሜው በገፋ አባት ዘር ላይ የበለጠ ስለሚያጋጥም ብዙዎች ከዚያ ነው ይላሉ። ልጇ ሊዮፖልድ ታመመ። ቪክቶሪያ ከዓይኗ አታርቀውም ነበር፤ እሱ ደግሞ እንደ ሰው መኖር ፈለገ። ተማረ፣ አገባ፣ በ1884 ፈረንሳይ ካን ከተማ ወድቆ ጉልበቱንና ራሱን ተመቶ በ30 ዓመቱ ሞተ። ሴቶቹ አሊስና ቢያትሪስ ተሸካሚዎች ሆኑ።

አሁን የአሊስን ቤት እዩት። ልጇ ፍሪድሪሽ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት በመስኮት ወደቀ። ጤነኛ ልጅ ቢሆን ሊተርፍ የሚችልበት አወዳደቅ ነበር ይባላል። እሱ ግን በዚያው ቀን ሞተ። በ1878 ቤቱን ዲፍቴሪያ ገባበት። ባሏና ልጆቿ ታመሙ፣ ትንሿ ልጅ ሜይ ሞተች። አሊስ ራሷ ስታስታምም ያዛትና ዲሴምበር 14 ቀን አረፈች፤ አባቷ አልበርት በሞተበት ቀን፣ ልክ በ17 ዓመቱ። 35 ዓመቷ ነበር። አሊክስ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ያሳደገቻት በአብዛኛው አያቷ ቪክቶሪያ ናት ማለት ይቻላል።

የአሊክስ እህት አይሪን ተሸካሚ ነበረች። ከሦስት ልጆቿ ሁለቱ ታመሙ። አንዱ በአራት ዓመቱ ሞተ፤ ቫልደማር የሚባለው እስከ 1945 ኖሮ በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ደም የሚሰጠው አጥቶ ሞተ። አሊክስ ወንድሟን፣ አጎቷን፣ የእህቷን ልጅ በዚህ በሽታ አጥታ ነው እንግዲህ በ1904 አሌክሴይን የወለደችው። ከአራት ሴቶች በኋላ፣ አገሩ ሁሉ አልጋ ወራሽ ሲጠብቅ። ከተወለደ በስድስት ሳምንቱ እምብርቱ ደማ። ያኔውኑ ገባት።

ዮኒ ከሐዋሳ፦
ሲስተር እናመሰግናለን። እንዲህ ሲብራራ ደስ ይላል። አንድ ጥያቄ፦ ታዲያ የዛሬው ንጉሥ ቻርልስና ልጆቹ ይህ ነገር አለባቸው?

ሲስተር ማህሌት፦
የለባቸውም ዮኒ። የእንግሊዝ ዙፋን የሄደው በኤድዋርድ በኩል ነው። ኤድዋርድ ጤነኛ ነበር። ጤነኛ ወንድ ደግሞ የሚያስተላልፈው የለም። የቻርልስ አባት ልዑል ፊሊፕም ከአሊስ ዘር ቢሆንም ጤነኛ ነበር፣ ስለዚህ በዚያም በኩል አልመጣም።

ቤቲ ዘቦሌ፦
ሲስተር ካቆመችበት ልቀጥል፤ እኔ የአሊክስ ነገር ሁሌ ያሳዝነኛል።

ሰዎች ራስፑቲን የሚባለውን የሳይቤሪያ ገበሬ ሲያነሱ አንድ ጠንቋይ መጥቶ እቴጌዋን አታለላት ብለው ያልፋሉ። በ1912 መኸር ላይ የሆነውን ግን እዩ። ቤተሰቡ ፖላንድ ውስጥ ስፓላ የሚባል የአደን ቤት ነበር። አሌክሴይ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ጀልባ ላይ ሲዘል ጭኑን ተመታ፤ ከቀናት በኋላ ሠረገላ ላይ ሲናወጥ ደሙ ውስጥ ለውስጥ ፈሰሰ። ብሽሽቱ አበጠ፣ እግሩ ወደ ደረቱ ተኮማተረ። አሊክስ ቀንና ሌሊት ከአልጋው አልተነሳችም። ኒኮላስ ክፍሉ ውስጥ መቆየት አቅቶት ወጥቶ አለቀሰ። ታች ፎቅ እንግዶች እራት ይበላሉ፤ ምክንያቱም አልጋ ወራሹ ምን እንደሆነ ማንም እንዲያውቅ አልተፈለገም። ቄስ ተጠርቶ አቆረቡት። የሞቱ ማስታወቂያ ሊወጣ ተዘጋጅቷል።

አሊክስ ሳይቤሪያ ላለው ራስፑቲን ቴሌግራም አስላከች። ልጁ አይሞትም፣ ሐኪሞቹ ብዙ አይነካኩት የሚል መልስ መጣ። ልጁም ተሻለው። እንግዲህ እናት የሆነ ሰው ይፍረድ። ሐኪሞቹ ተስፋ በቆረጡበት ሰዓት አንድ ሰው ብቻ ይድናል አላት፤ ዳነ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሰው ክፉ ቢነግሯት እንዴት ትስማ?

ጥፋቱ የነበረው መደበቁ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕዝቡ ልጁ ታሞ እንደሆነ ቢያውቅ ያዝንላት ነበር። ስላላወቀ ግን ያ ገበሬ ቤተ መንግሥት ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ፣ መልሱን ደግሞ ሐሜት ሰጠው። በጦርነቱ ጊዜ ኒኮላስ ወደ ግንባር ሲሄድ አሊክስ ሚኒስትር ስትሾምና ስትሽር ሐሜቱ አገር አቃጠለ። ራስፑቲን በዲሴምበር 1916 መጨረሻ ተገደለ፤ ከሁለት ወር ከምናምን በኋላ ዙፋኑ ወደቀ።

አንድ ሰው ደግሞ ስሙ መነሳት አለበት። ናጎርኒ የሚባል መርከበኛ ነበር፤ ሥራው አሌክሴይ እንዳይወድቅ መጠበቅና መራመድ ሲያቅተው መሸከም ነው። ከአብዮቱ በኋላ ሌላው የአሌክሴይ ጠባቂ ትቶ ሲሄድ እሱ እስከ የካተሪንበርግ አብሮ ሄደ። እዚያ ጠባቂዎቹ የልጁን ዕቃ ሲዘርፉ ተከራከራቸው። ወስደው ገደሉት።

የካዛንቺሱ፦
ቤቲ አመሰግናለሁ፣ ናጎርኒን አላውቀውም ነበር።

ስለ ቪልሄልም ማንም አላነሳም እና በአጭሩ። የተወለደው በጃንዋሪ 1859 በመቀመጫው ሆኖ፣ በከባድ ምጥ ነው። ግራ እጁ ነርቩ ተጎድቶ አጠረ፤ አድጎም ከቀኙ በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንስ ነበር። ለሕክምና ብለው ትኩስ የታረደ ጥንቸል እጁ ላይ ይጠቀልሉበት ነበር፣ ኤሌክትሪክ ያስነኩት ነበር፣ አንገቱን በመሣሪያ ይወጥሩት ነበር። ፈረስ መጋለብ ሲማር ይወድቃል፣ እያለቀሰ መልሰው ያወጡታል። እናቱ ቪኪ የወደፊት ካይዘር አካሉ ጎደሎ መሆኑ አሳፍሯት እንደነበር ለእናቷ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ያሳያሉ። ልጁ ይህን እያወቀ ነው ያደገው። እንግሊዝን ይወድ ነበር፣ ይቀናባትም ነበር። በ1901 ቪክቶሪያ ስትሞት አልጋዋ አጠገብ ሆኖ በደኅናው እጁ ትራሷን ደግፎ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሳይንቀሳቀስ የቆየው እሱ ነው። ከ13 ዓመት በኋላ አገሯን ወጋ። በ1918 ወደ ሆላንድ ሸሽቶ፣ ዶርን ላይ እንጨት እየፈለጠ ኖሮ፣ በ1941 ሞተ።

ራሔል ኢየሩሳሌም፦
እኔ የምኖረው ኢየሩሳሌም ነው። ለፋሲካ የሚመጡ የኛ ተሳላሚዎች ጌቴሴማኒ ወርደው የእመቤታችንን መቃብር ይሳለማሉ። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ወርቃማ ጉልላቶች ያሉት የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የመግደላዊት ማርያም። ብዙዎቹ ፎቶ አንስተው ያልፉታል። ይህ ክር የሚያወራው ቤተሰብ ሁለት ሴቶች እዚያ ናቸው።

አንደኛዋ የአሊክስ እህት ኤላ ናት። የዛሩን አጎት ሰርጌይን አግብታ ሩሲያ ገባች፤ ማንም ሳያስገድዳት ኦርቶዶክስ ሆነች። በ1905 ባሏን ሞስኮ ውስጥ በቦምብ ገደሉት። ሮጣ ወጥታ የአካሉን ቁርጥራጭ ከበረዶው ላይ በእጇ ለቀመች። ከዚያ እስር ቤት ድረስ ሄዳ ገዳዩን ይቅር ብየሃለሁ፣ ንስሐ ግባ አለችው። ጌጧን ሸጣ ሞስኮ ላይ ለድሆች ሐኪም ቤት ያለው ገዳም አቋቋመች። እህቷ በተገደለች በማግስቱ ሌሊት እሷንም አላፓየቭስክ በሚባል ቦታ ከነሕይወቷ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ጣሏት። አስከሬኗ በቻይና በኩል ዞሮ በ1921 እዚህ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1888 ሲመረቅ ከባሏ ጋር መጥታ ነበር። ዛሬ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ትላታለች።

ሁለተኛዋ የኤላ እህት የልጅ ልጅ... አይ፣ ዝምድናውን በቀጥታ ልበል፦ የኤላ ታላቅ እህት ቪክቶሪያ የወለደቻት አሊስ ናት፣ የልዑል ፊሊፕ እናት። መስማት የተሳናት ሆና ተወለደች፤ ከንፈር እያነበበች ብዙ ቋንቋ ትናገር ነበር። የግሪክን ልዑል አገባች፣ ተሰደደች፣ በ1930 አእምሮዋ ታሞ ሆስፒታል አስገቧት። ፊሊፕ ያኔ ገና ልጅ ነበር። ስትድን ወደ አቴንስ ተመለሰች። ጀርመኖች ከተማዋን ሲይዙ ራሔል ኮኸን የምትባል አይሁዳዊት እናትን ከልጆቿ ጋር ቤቷ ደበቀች። የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ሲጠይቃት አልሰማም ብላ መለሰቻቸው። ያኔ የሴት ልጆቿ ባሎች ጀርመኖች ናቸው፣ ወንድ ልጇ ደግሞ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጀርመንን ይወጋል። በ1969 ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውስጥ አረፈች፤ በኑዛዜዋ መሠረት በ1988 አስከሬኗ ወደዚህ መጣ፣ ከአክስቷ ዘንድ። በ1993 ያድ ቫሼም፣ እዚህ ያለው የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ፣ አይሁዶችን ስላዳኑ ጻድቃን ከሚላቸው ተርታ አስገባት፤ በዓመቱ ፊሊፕ ራሱ መጥቶ ክብሩን ተቀበለላት።

እኔ ስለ ነገሥታት ብዙ ግድ የለኝም። እነዚህን ሁለቱን ግን አከብራቸዋለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጆች፣ ጽሑፋችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ በ1965 ተማሪ ነበርኩ። ንግሥት ኤልሳቤጥና ልዑል ፊሊፕ የጃንሆይ እንግዳ ሆነው አዲስ አበባ ሲመጡ ባንዲራ ይዘን መንገድ ዳር ቆመናል። እሱ እንዲህ ያለ የእናት ታሪክ እንዳለው ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። የካተሪንበርግ ላይ የተገኘው አጽም የማን እንደሆነ የታወቀው በፊሊፕ ደም ነው። አጽሙ በ1991 ሲወጣ ለማመሳከር ከአሊክስ ወገን በእናት በኩል ብቻ የሚወረድ ሰው ያስፈልግ ነበር። ፊሊፕ የአሊክስ እህት የልጅ ልጅ ነው። ደሙን ሰጠ፤ በ1993 ገጠመ። በ1998 ፒተርስበርግ ተቀበሩ። አሌክሴይና አንዷ እህቱ ጎድለው ነበር፤ እነሱ በ2007 ተገኙ።

ዮኒ ከሐዋሳ፦
ጋሼ እናመሰግናለን። ታዲያ የዛሩ ልጅ አናስታሲያ ነኝ፣ ከግድያው ተርፌያለሁ ስትል የኖረችውስ ሴትዮ?

ጋሽ ታደሰ፦
አና አንደርሰን። በ1984 አሜሪካ ሞተች። በኋላ ሐኪም ቤት ተቀምጦ ከቆየው ናሙና ሲመረመር ከዛሩ ቤተሰብ ከሮማኖቭ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም፤ ከአንዲት ፖላንዳዊት የፋብሪካ ሠራተኛ ቤተሰብ ጋር ነው የገጠመው።

ሲስተር ማህሌት፦
ከዚያው አጽም በ2009 ሌላም ነገር ታወቀ። የአሌክሴይ ሕመም ሄሞፊሊያ ቢ የሚባለው ዓይነት ነው።

ስፔንን ሳንነካ እንዳናልፍ። የቢያትሪስ ልጅ ኤና በ1906 የስፔኑን አልፎንሶ 13ኛን ስታገባ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከፎቅ ላይ በአበባ የተጠቀለለ ቦምብ ተወረወረ። ከሃያ በላይ ሰው ሞተ። እሷ በሙሽራ ልብሷ ላይ ደም ተረጭቶ ቤተ መንግሥት ገባች። የመጀመሪያ ልጇና የመጨረሻ ልጇ ሄሞፊሊያ ነበረባቸው። ንጉሡ አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ ብሎ ፊቱን አዞረባት። ሁለቱም ልጆች የሞቱት በቀላል የመኪና ግጭት ነው፦ ጎንዛሎ በ1934፣ አልፎንሶ በ1938። ጎንዛሎ ከመኪናው ሲወርድ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሆዱ ውስጥ ደምቶ ሞተ። 19 ዓመቱ። መኪናውን የምትነዳው እህቱ ነበረች። እናትየው ግን ረጅም ዕድሜ ኖረች። በ1968 ከስደት ለጥቂት ቀን ማድሪድ ተመልሳ የልጅ ልጇን ልጅ ክርስትና አነሳች። ያ ሕፃን የዛሬው ንጉሥ ፌሊፔ 6ኛ ነው።

አቤል ከሊድስ፦
ሁሉንም በትዕግሥት አንብቤያለሁ። ቪክቶሪያን አያት፣ አያት እያላችሁ ስትጽፉ አንድ ልጅ ቀረባችሁ።

እኔ የምኖረው ልዑል ዓለማየሁ በሞተበት ከተማ ነው። አባቱ አጼ ቴዎድሮስ በአፕሪል 1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ሰባት ዓመት አልሞላውም። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ጦሩ ሲመለስ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁን በመርከብ ወሰዱት። ቪክቶሪያ ዋይት ደሴት ላይ ባለው ቤቷ ተቀበለችው፣ ወደደችው፣ በማስታወሻዋም ደጋግማ ጻፈችለት። እውነት ነው አዘነችለት። ግን የሚወደውን እንግሊዛዊ አሳዳጊውን ካፒቴን ስፒዲን ነጥለው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲያዞሩት አገሬ መልሱኝ የሚለውን የሰማው የለም። ኖቬምበር 14 ቀን 1879፣ በ18 ዓመቱ፣ እዚህ ሊድስ ሄዲንግሊ ሰፈር በሳንባ ሕመም ሞተ። ቪክቶሪያ በዚያን ቀን በባዕድ አገር አንድ ዘመድ ሳይኖረው ብቻውን ሞተ ብላ አዘነች። ቀብሩ ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 አጽሙን ጠየቁ። በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን መቃብር ሳንነካ ማውጣት አንችልም አለ። በዚያው ዓመት የጠጉሩ ዘለላ ብቻ ተመለሰ። ሰብለ ስለ ጆርጅ ጠይቀሻል። አሊስ ከአክስቷ ጎን ልትቀበር ከዊንዘር ኢየሩሳሌም ድረስ ተወስዳለች። እዚያው ዊንዘር ያለው የኛ ልጅስ?

ራሔል ኢየሩሳሌም፦
አቤል፣ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። አሊስም መጀመሪያ ያረፈችው እዚያው ዊንዘር፣ ያው ቅዱስ ጊዮርጊስ ውስጥ ነበር።

ሰብለ ዘፒያሳ፦
አቤል፣ ይሄን ስላነሳህ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሲያደርጉት ይቻላል ማለት ነው። ለራሳቸው ሰው ጊዜ ሲሆን መቃብር ይከፈታል፣ መርከብም ይላካል። ጆርጅ እኮ በ1919 የኒኮላስን እናት ከክራይሚያ የሚያወጣ የጦር መርከብ ልኳል፤ ማርልቦሮ የሚባለውን። የእናቱ እህት ናትና። ለአክስቱ የላከውን መርከብ ከሁለት ዓመት በፊት ለልጆቿ ቢያስብ ኖሮ ነው የኔ ክርክር። የካዛንቺሱ የጻፍከው ስለ ኩፍኙና ስለ ባቡሩ አሳማኝ ነው፤ ምናልባት መርከቡ ቢላክም አይደርሱም ነበር። ለመሞከር ግን ፈቃደኛ አልነበረም፤ በዚህ አልለወጥም።

የካዛንቺሱ፦
እዚህ ላይ እንስማማለን። መሞከር ነበረበት።

ዮኒ ከሐዋሳ፦
የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይቅርታ አበዛሁ። ከዛሬዎቹ ነገሥታት የቪክቶሪያ ዘር ማን ማን ነው?

ቤቲ ዘቦሌ፦
የእንግሊዙ ቻርልስ፣ የስፔኑ ፌሊፔ፣ የስዊድኑ ካርል ጉስታፍ፣ የኖርዌዩ ሃራልድ፣ የዴንማርኩ ፍሬድሪክ። የስዊድኑ በአንድ በኩል ከሊዮፖልድ ነው የሚወርደው፣ ያ በካን ወድቆ የሞተው። የሊዮፖልድ ልጅ ከአባቱ የወሰደው የተበላሸውን ኤክስ ሳይሆን ዋይ የሚባለውን የወንድ ክሮሞዞም ስለሆነ በሽታው ወደሱ አልደረሰም። ሲስተር፣ ትክክል ነኝ አይደል?

ሲስተር ማህሌት፦
ትክክል ነሽ። የሊዮፖልድ ሴት ልጅ ግን ተሸካሚ ነበረች፤ የሷ ልጅ ሩፐርት በ1928 ከመኪና አደጋ በኋላ በዚሁ ነው የሞተው።